የጓድ አበጋዝ ቀኝ እጅጌ

ወኪል መላክን የመሰለ ቀላል ነገር የለም፤ የላኩትን ወኪል የራስ አድርጎ ማቆየትን የመሰለ ከባድ ነገርም የለም። ካላመናችሁኝ ሽማግሌ ልኮ ሚስት ያገባን ሰው ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ ከቤታችሁ ሲወጡ የእናንተ ናቸው። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ጥማድ በሬ አለው» ብለው ሊናገሩላችሁ ወገባቸውን ታጥቀው ይወጣሉ። የልጅቷ አባት ደጅ ደርሰው፣ «ቤት ለእንግዳ» ተብለው፣ ጠላው ቀርቦ፣ ከጠላው ኋላ አረቄው ተከትሎ ሲመጣ ግን የማን እንደሆኑ ቀስ በቀስ ይጠፋባቸዋል። ሲመለሱ «ሰውየው እኮ እውነቱን ነው፤ አንተ ልጅ ጥሎሹን ከፍ አድርገው እንጂ» ይሏችኋል። የላካችኋቸው እሱን እንዲለምኑላችሁ ነበር፤ እነሱ ግን ተመልሰው እናንተን ይለምኑለታል። ክፋት የለባቸውም። የበሉበት ቤት ከብዷቸው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በላሊበላ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ጠጅ ቤት በረንዳ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ሰው ልጅ የማውቀው ነገር ቢኖር በሜትር ለክቼ ያገኘሁት ነው። ለምሳሌ ሰው ሲለካ ይዋሻል። ወገቡን ስለካው ሆዱን ይስባል፣ ደረቱን ስለካው ይነፋል፤ በዚያው ልክ ስሰፋለት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ «አጠበበኝ» ብሎ ከነሚስቱ ይመጣብኛል። በደርግ ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ አየሁ። ያችን ባለ አራት ኪስ ሰማያዊ የፓርቲ ኮት ሊያሰፋ የሚመጣው ሰው ሲለካ ሆዱንም አይስብ፣ ደረቱንም አይነፋ። ዝም ብሎ ይቆማል። ልኩን የሚያውቅለት ሌላ አካል አለ።

እንግዲህ የላስታን ሰው ጠባይ ለማታውቁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። የእኛ ሰው ሙግት ይወዳል። ከጎረቤቱ ጋር ካልተካሰሰ ጎረቤት ያለው አይመስለውም። ከሁሉም ይልቅ ሙግት ወዳዱ ከገነተ ማርያም በላይ፣ ኮሶ አፋፍ በምትባል መንደር የሚኖሩት አያ መንገሻ ነበሩ። ከሚስታቸው ወንድም ጋር በአንዲት የገብስ ማሳ ድንበር ጎልማሳነታቸውን ሙሉ ተሟግተዋል። ወልድያ፣ ደሴ ድረስ በእግራቸው ተመላልሰዋል፤ ሁለቱ ተከራካሪዎች ስንቃቸውን በአንድ አህያ ጭነው፣ በአንድ ጥላ ሥር አርፈው፣ ከዳኛው ፊት ሲደርሱ ብቻ ይጣላሉ። የመሬት አዋጅ ታውጆ መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ሲባል የተደሰተው ተደሰተ፣ ያዘነው አዘነ። አያ መንገሻ ግን «መሬቱንስ ይውሰዱት፤ ክርክሬን ምን ብለው ይወስዱብኛል?» አሉ። ተከራካሪያቸው ሊያጽናኗቸው መጥተው ሁለቱ አብረው ተላቀሱ ይባላል።

ከዓመታት በኋላ «ለሸንጎ የሚወክላችሁን ምረጡ» የሚል አዋጅ ሲመጣ የአያ መንገሻ ዐይን በራ። ለእሳቸው ወኪል ማለት ነገረ ፈጅ ማለት ነው፤ ጉዳይህን ተረክቦ ዳኛ ፊት የሚቆምልህ አንደበተኛ ሰው። ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። ሦስቱንም የመረጠልን ፓርቲው ነው፤ እኛ የምንመርጠው ከተመረጡት መካከል ነው። ፊደል ላልቆጠረው ሰው ተብሎ ለያንዳንዳቸው የአውሬ ሥዕል ተሰጣቸው። ለአንዱ ዝሆን፣ ለአንዱ አንበሳ ደረሰው፤ ለጓድ አበጋዝ ቀጭኔ። ቀጭኔ በላስታ ታይቶ አያውቅም። አያ መንገሻ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቅርበው አይተው «ይቺን በቅሎ አንገቷን ምን ነካት?» ብለው ጠየቁ። ቢሆንም የመረጡት እሱን ነው። አበጋዝ የኮሶ አፋፍ ልጅ ነው፤ እናቱ እማሆይ ወለተ ሚካኤል እዚያው መንደር መንኩሰው ይኖራሉ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜም የመንደሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። «ደግሞም» አሉ አያ መንገሻ፣ «አንገቱ ረጅም ነው፣ ሩቅ ያያል።» መንደሩ በሙሉ ተከተላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ለነገረ ፈጁ የሚሆን ጉዳይ መጣ። መንደር ምሥረታ። ኮሶ አፋፍ ቤቶቿ በገደሉ ጫፍ ላይ የተበታተኑ መንደር ናት፤ ከቤቶቹ በታች ግን በግንቦት እንኳ የማይደርቅ ምንጭ አላት። ከክረምቱ በፊት ሕዝቡ ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ንፋስ ሜዳ ወርዶ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። እዚያ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ ወደፊት ነው። ንፋስ ሜዳን አውቀዋለሁ። ስሙን ያገኘው በሐቅ ነው፤ ከንፋስና ከሜዳ በቀር ምንም የለበትም። የመንደሩ ሴቶች እዚያ ወርደው ቢኖሩ እንስራቸውን አዝለው ለመቅዳት የሚወጡት ወደዚያው ወደ ኮሶ አፋፍ ምንጭ ነው፤ ሲመለሱ ቀኑ ያልቃል። ሕፃን ያላት ምን ትሆናለች? ሽማግሌው ምን ይሆናል? ከብቱስ? ስለዚህ የኮሶ አፋፍ ሰው ወኪሉ በሸንጎ ፊት አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲናገርለት ብቻ ፈለገ። «ሜዳው ውሃ የለውም።» ከዚህ የበለጠ አልጠየቁም።

ጓድ አበጋዝ ክፉ ሰው አልነበረም። ሜዳው ውሃ እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃል። ችግሩ የፓርቲው ደንብ ነው። አንድ ቀን ያንን ኮቱን ስለካው እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት ማንም አባል ሐሳቡን በነፃነት ይናገራል፣ ከተላለፈ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ልብ ሆኖ ያስፈጽማል።

«ታዲያ ከመተላለፉ በፊት ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ያን ጊዜ ጉዳዩ ምስጢር ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተወስኗል።»

«በመካከሉ ቀን የለም?»

አሰበ። «አንድ ከሰዓት በኋላ ሳይኖር አይቀርም፤ እኔ ያን ዕለት ለሥራ ወልድያ ነበርኩ» አለኝ።

«እንግዲያውስ ቅዳሜ ሸንጎው የሚሰበሰበው ለምንድን ነው?»

«ሊወስን ነዋ።»

«ተወስኗል አላልክም?»

«የተወሰነውን ሊወስን ነው» አለኝ፤ ሲለኝ አልሳቀም። እኔም ሜትሬን ጠቅልዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ዝም አይነቅዝም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጓድ አበጋዝ ጉዳዩን ለሕዝቡ እንዲያብራራ ወደ ኮሶ አፋፍ ተላከ። እናቱ ቤት አደረና ቅዳሜ ጠዋት በኮሶው ዛፍ ሥር ሕዝቡን ሰብስቦ አብራራ። ሕዝቡ ሰማው። ሲጨርስ አያ መንገሻ ተነሡ።

«አበጋዝ፣ ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሃል። የተናገርከው ግን የማንን ነው?»

«የሁላችንንም ነው፣ አያ መንገሻ። ፓርቲው የሕዝቡ ነው፣ ሕዝቡም የፓርቲው ነው።»

«አንተስ የማን ነህ?»

«እኔ የሁለቱም ነኝ።»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፤ መልካም ብልሃት ነው» አሉ አያ መንገሻ። «እኛ ግን ሁለት የለንም፣ ልጄ። እኛ የተንጠለጠልነው በአንተ ብቻ ነው።» ይህን ብለው ጠጋ አሉና «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ጓድ አበጋዝም ቆመ። ሲነቃ የአያ መንገሻ ጋቢ ጫፍ ከኮቱ ቀኝ እጅጌ ጋር ተቋጥሮ ነበር።

ቁራኛ ምን እንደሆነ የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። በአባቶቻችን ጊዜ ከሳሽ ተከሳሹ እንዳይጠፋበት ሲሰጋ የልብሱን ጫፍ ከሰውየው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይለያዩም። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው፤ በገዛ እጁ የበጠሰ ሰው ነገሩን ያን ጊዜውኑ ተረታ ማለት ነው። ዘበኛ አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ይጠብቀዋል። ይህ ልማድ ከቀረ ዘመናት አልፈውታል። መቅረቱን ለአያ መንገሻ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ጓድ አበጋዝ ጋቢ አልለበሰም፤ የለበሰው የፓርቲውን ኮት ነው። ነገር ግን በእጅጌው ጫፍ ላይ በቁልፍ የምትያዝ ጠባብ የጨርቅ ማሰሪያ ነበረች። የሰፋኋት እኔ ነኝ። ለጌጥ ነበር። አያ መንገሻ ጋቢያቸውን በዚያች አሾልከው በድርብ ቋጥረዋታል። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ቢስባት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሊስብም ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ ነበር። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከሴቶቹ መካከል መቋሚያቸውን አንሥተው ጮኹበት። «ልጄ! ቁራኛ እንዳትበጥስ! በዘራችን የለም!»

እንግዲህ ምን ያድርግ? ኮሶ አፋፍ ያለው ሰው ሁሉ ከሳሽ ስለሆነ ዳኛ ሊሆን የሚችል ጠፋ። ሸንጎውም ላሊበላ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ እንደተቋጠሩ ቁልቁለቱን ወደ ላሊበላ ተያያዙት። በድሮው ደንብ መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነውና አያ መንገሻ በየመንገዱ ሰው እያስቆሙ አቤት ይላሉ። መጀመሪያ የገነተ ማርያም መሪጌታ ተገኙ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ በጥሞና አዳመጡ፣ ጺማቸውን አሻሹ፣ ወደ ኮቱም አንድ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ቤተ ክርስቲያን ረፈደብኝ» ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ወደሌለበት አቅጣጫ በፍጥነት ሄዱ። ቀጥሎ ሰይድ የሚባል ጨው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ መጣ። ሰይድ ጨዋ ሰው ነው፤ አህዮቹን አቁሞ ቁጢጥ ብሎ ሰማቸው።

«ወላሂ፣ አያ መንገሻ» አለ ሲጨርሱ፣ «እውነቱ ከእርስዎ ጋ ነው። ኬላው ግን ከእሱ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ በኬላው ላልፍ ነው።» ከዚህ የበለጠ አስተዋይ ፍርድ በዚያ ዘመን አልሰማሁም። ግን ቋጠሮ አይፈታም።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ ገበያው ደምቆ ነበር። ሰው ሥራውን ትቶ ከበባቸው። ጓድ አበጋዝ ላብ አጥምቆታል። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «ወንድሜ፣ እጅጌውን ከትከሻዬ ላይ ተርትርልኝ» አለኝ። «ቋጠሮውን ሳንነካው እጅጌው ብቻ ይለቀቅ። ቁራኛውን አልበጠስኩም ማለት ነው።»

አያ መንገሻ ሰምተዋል። አልተቆጡም፤ እንዲህ ያለ ክርክር ካገኙ ስንት ዘመናቸው ነው! «እጅጌ ሰውየውን ይወክላል ወይስ አይወክልም?» ብለው ለገበያተኛው ጥያቄ አቀረቡ። ገበያው በሁለት ተከፈለ። በርበሬ ሻጮቹ ይወክላል አሉ፤ የፍየል ነጋዴዎቹ ቆዳ ያለ ሥጋ አይሸጥም ብለው ተቃወሙ። እኔ መቀሴን አንሥቼ አስቀመጥኩ። የፓርቲን ኮት ቀኝ እጅጌ በአደባባይ የቆረጠ ልብስ ሰፊ ነገ ማን ምን ይለዋል? «ወንድሜ» አልኩት፣ «ስትለካ እኔ ልኬሃለሁ፤ ስትቀደድ ግን እኔ የለሁበትም።»

ሰዓቱ ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው አያ መንገሻን አገዳቸው።

«ያለ ጥሪ አይገባም፣ አባት!»

«እኔ መች ገባሁ? እሱ ነው የሚገባው» አሉት።

ዘበኛው አንዴ ቋጠሮውን፣ አንዴ ኮቱን አየና መንገዱን ለቀቀ። እኔም የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ተጠሪ ስለነበርኩ ከኋላቸው ገባሁ።

መድረኩ ላይ ከደሴ የመጡ አንድ የበላይ ጓድ ተቀምጠዋል። ንግግራቸውን ጀምረው ነበር፤ ኮት ለባሹና ጋቢ ለባሹ ተያይዘው በመካከል ሲያልፉ አቋረጡ። ጓድ አበጋዝ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኔም «አለቀለት» አልኩ በልቤ። የበላዩ ጓድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ተነሡ። ከዚያም አጨበጨቡ! «ጓዶች! ምሁሩና አርሶ አደሩ በማይበጠስ ሰንሰለት ሲተሳሰሩ ማለት ይህ ነው! ይህን የመሰለ ትርኢት በየትም አውራጃ አላየሁም!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ቋጠሮውን በቅርብ አነሣው። አያ መንገሻ «እርስዎ ዳኛ ነዎት?» ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ቢከፍቱ ጭብጨባው ዋጣቸው።

ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። የኮሶ አፋፍ ሕዝብ በፍላጎቱ፣ በደስታና በነቂስ ወደ ንፋስ ሜዳ ይዛወራል። «የምትደግፉ!» እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ አዳራሽ እጅ የሚወጣው ሰው አስቦ አይደለም፣ ክንዱ ራሱ ለምዶታል። ያልወጣው አንድ እጅ ብቻ ነው። አያ መንገሻ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተቀምጠውበታል፤ የጓድ አበጋዝም ቀኝ እጅ ከጉልበቱ በላይ አልነሣ አለ።

«አንድ ይጎድላል» አሉ የበላዩ ጓድ። «እስኪሞላ ድረስ ማንም እጁን እንዳያወርድ።»

ጓድ አበጋዝ ግራ እጁን አወጣ። አያ መንገሻ «በሕግ አምላክ! በግራ እጅ አይማልም!» ብለው ጮኹ። መድረኩ ላይ ያሉት ጓዶች ተጠጋግተው መማከር ጀመሩ፤ ደንቡ እጅ ይላል እንጂ የትኛው እጅ እንደሆነ አይልም። እነሱ ሲማከሩ የእኛ ክንድ ይዝላል። ከፊቴ የተቀመጠችው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋዋለች። ጓድ አበጋዝ ወደ መድረኩ አየ። ወደ አያ መንገሻ አየ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ሳበ።

ያን ዘመን ክር የምንገዛው ከሕብረት ሱቅ ነው፤ ስለ ክሩ ሌላ አልናገርም። እጅጌው ከትከሻው ላይ ጠርርር ብሎ ተተረተረና ከነቋጠሮው አያ መንገሻ እጅ ቀረ። ነፃ የወጣው ክንድ በራሱ ግፊት ወደ ላይ ተወነጨፈ። ከኮቱ ሥር አሮጌ ሸሚዝ ነበር፤ ክርኑ ላይ በእጅ የተጣፈ፣ የእናት እጅ ሥራ መሆኑ የሚያስታውቅ። ጓድ አበጋዝ የወጣውን እጁን ቀና ብሎ አየው። የማን እጅ እንደሆነ ያጣራ ይመስል ቆየ። ከዚያ፣ እጁን ሳያወርድ፣ ድምፁንም ሳያነሣ ተናገረ።

«ሜዳው ውሃ የለውም።»

የበላዩ ጓድ እጅ ይቆጥሩ ነበር እንጂ አልሰሙትም። «ሞላ! በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አሉ። ጭብጨባው ፈነዳ። ጭብጨባው ሲበርድ የስብሰባው ጸሐፊ፣ ጠንቃቃ ሽማግሌ መምህር ናቸው፣ በትሕትና ተነሡና «የጸደቀው የትኛው ነው፣ ጓድ፤ መዛወሩ ነው ወይስ ሜዳው ውሃ የለውም የሚለው?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ቃሉ ሲነገር እጅ ሁሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር፣ አንድም አልጎደለም። ሁለተኛው አልጸደቀም ካሉ የመጀመሪያውም አልጸደቀም ሊባል ነው፤ እጆቹ እነዚያው እጆች ናቸውና። ከብዙ ምክክር በኋላ የኮሶ አፋፍ ሕዝብ ወደ ንፋስ ሜዳ እንዲዛወር፣ ንፋስ ሜዳም ውሃ እንዳይኖረው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔ ሳቄ እያመለጠኝ ዐይኔ እንባ አቀረረ። የፈራ ሰው እውነት ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደፋር ሲናገረው እንደዚያ አይሆንም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። በሙሉ ድምፅ የተወሰነን ውሳኔ ግማሹን መፈጸም አይቻልም። ከበላይ አጣሪ መጣ፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ በውሳኔው መሠረት ውሃ እንደሌለው አረጋገጠ። መዛወሩም ውሃ እስኪገኝ ድረስ እንዲቆይ ታዘዘ። መንደሪቱ ዳነች። ጓድ አበጋዝ ግን ለሂስና ግለ ሂስ ወልድያ ተጠራ። «ሜዳው ውሃ አለው ወይስ የለውም?» ብለው ጠየቁት። አለው ቢል የሸንጎውን ውሳኔ መቃወሙ ነው፤ የለውም ቢል ጥፋቱን መድገሙ ነው። ዝም አለ። ዝምታው ከሁለቱም የባሰ ሆኖ ተገኘና ኮቱን አስወልቀው ወባ ከሚፈላበት ቆላ ወርዶ የእህል ጎተራ እንዲጠብቅ ሰደዱት። እናቱ ወሬውን ሲሰሙ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው እህል አልቀምስም አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ለእኔም መሳቂያነቱ ቀረ።

የበላዩ ጓድ ግን ለምስጋና መጡ! ሕዝቡ በኮሶው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ እኛም ለማጨብጨብ ከከተማ ተጫንን። ፓርቲው የሕዝቡን ችግር በጥልቀት አጥንቶ ሜዳው ውሃ እንደሌለው እንደደረሰበት አብራሩ። «ለዚህ ውለታ ምስጋና ማቅረብን የምትደግፉ!»

አንድም እጅ አልወጣም። እኔ በልማድ ግማሽ ድረስ አንሥቼ ጆሮዬን አከክኩበት። አያ መንገሻ ተነሥተው እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣ ምስጋናውስ ይገባል። ነገር ግን እኛ ወኪል ያቆምን ሰዎች ነን። ወኪል እያለ ባለጉዳይ ራሱ እጅ ቢያወጣ ደንብ ማፍረስ ነው። ያለ ወኪላችን የእኛ እጅ አይቆጠርም።»

«ወኪላችሁ የት ነው?»

«እሱንስ እርስዎ ያውቃሉ።»

የበላዩ ጓድ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ዛቱ። ሕዝቡ በአክብሮት ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ምስጋናው ሳይጸድቅ ደሴ መመለስ ለእሳቸውም ጣጣ ነበረው። በመጨረሻ አበጋዝን እንዲያመጣ በፓርቲው መኪና ሰው ተላከና ስብሰባው ለሌላ ቀን ተዛወረ።

ጓድ አበጋዝ ከመኪናው ሲወርድ አላወቅሁትም። የለካሁት ትከሻ የለም። ወባ ቢጫ አድርጎታል፤ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ይኸው ወኪላችሁ!» አሉ የበላዩ ጓድ። «በል፣ ጓድ፣ በሕዝቡ ስም አመስግን።»

አበጋዝ ጀርባውን ለእሳቸው፣ ፊቱን ለሕዝቡ አዞረ። «ወገኖቼ» አለ፣ «ምን ልበልላችሁ?»

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምን እንዲባልለት እንደሚፈልግ ተጠይቆ የሚያውቅ አልነበረማ። አያ መንገሻ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ከባድ ጥያቄ ነው» አሉ። «ተመካክረን እንድንመልስ ቀጠሮ ይሰጠን። ወኪላችንም ምናልባት እንፈልገዋለንና እስከ ቀጠሮው ቀን ከእናቱ ቤት እንዳይርቅ ይታዘዝልን።»

የበላዩ ጓድ ፀሐዩም ነገሩም በርትቶባቸው ነበር። «ለመቼ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«እህሉ ይግባ እንጂ» አሉ አያ መንገሻ።

እህሉ ገባ። ከዚያ ጾም ነው ተባለ፤ ከጾሙ በኋላ ሠርግ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ዝናቡ ያዘ። አበጋዝ እናቱ ቤት ተቀምጦ አገገመ፣ በሬ ጠመደ፣ አገባ። ቀጠሮ ያለበትን ሰው ማን ያነሣዋል? ቀጠሮው በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ሳለ ዘመኑ ተለወጠ፤ ፓርቲውም ሸንጎውም የበላዩ ጓድም በአንድ ጊዜ ጠፉ። ያን ሰሞን አያ መንገሻን ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ነገሩ ስላለፈ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። በመጨረሻ ምን ሊሉ ኖሯል፣ ሊያመሰግኑ ነው ወይስ ላያመሰግኑ?

«መች ተስማማንና!» አሉኝ ተከፍተው። «ግማሹ ሰው ያመስግንልን ይላል፣ ግማሹ አያመስግንልን ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ይላሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ክርክር አላየሁም፤ ገና መሐሉ ላይ ነበርን እኮ። ምናለ ለመጥፋት ትንሽ ባይቸኩሉ?»